ሮበርት ላ ፎሌትና ዕጩን የመምረጥ መብት

ተማሪዎች ሆይ፣ በደጀን ከተማ የሚገኝ አንድ እድር ዳኛውን ለመምረጥ በተሰበሰበ ጊዜ የሌላ እድር አባሎች መጥተው ድምፅ ቢሰጡ ምን ትላላችሁ? ጎረቤቶች ናቸውና ይምረጡ ትላላችሁን? ወይስ መዋጮ የማይከፍሉ ሰዎች በዳኛው ምርጫ ሊገቡ አይገባም ትላላችሁ? ይህን የመሰለ ጥያቄ በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩም ከሮበርት ላ ፎሌት የሕይወት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ላ ፎሌት በ1855 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ፕሪምሮዝ በተባለች የገበሬዎች ቀበሌ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ ስለዚህ በእርሻ ሥራ እየረዳ አደገ። በ1879 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ ጠበቃ ሆነ። ከ1885 እስከ 1891 ድረስም በሪፑብሊካን ፓርቲ ስም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆኖ አገለገለ።

በዚያ ዘመን የፓርቲውን ዕጩ የሚመርጠው ጉባኤ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። በጉባኤውም የባቡር ሐዲድና የእንጨት ንግድ ባለሀብቶች ቃል ይሰማ ነበር። በ1891 ላ ፎሌት የገዛ ፓርቲው ሴናተር የነበረው ፊሊተስ ሶየር ጉቦ ሊሰጠው እንደ ሞከረ በይፋ አስታወቀ፤ ሶየር ግን ነገሩን ካደ። ከዚያ በኋላ የፓርቲው ታላላቆች ፊታቸውን አዞሩበት። በ1896ና በ1898 ለአገረ ገዥነት ለመታጨት ሞክሮ በጉባኤው ተሸነፈ። በ1900 ግን ተሳካለትና በተከታዩ ዓመት አገረ ገዥ ሆነ።

ላ ፎሌት ዕጩን የመምረጥ ሥልጣን ከጉባኤ ወጥቶ ለመራጩ እንዲሰጥ ታገለ። የግዛቱ ምክር ቤት ሐሳቡን በ1903 ተቀበለ፤ ሕዝቡም በ1904 በድምፁ አጸደቀው። በዚህ ሕግ መሠረት መራጩ የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ፣ በምስጢር የአንዱን ፓርቲ ዕጩ ይመርጣል። እንግዲህ ዴሞክራት የሆነ ሰው ቢፈልግ ወደ ሪፑብሊካኑ ቅድመ ምርጫ ሊሻገር ይችላል ማለት ነው። ሕጉ በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራበት ላ ፎሌት ለአገረ ገዥነት የደገፈው ሰው ተሸነፈ። ሕጉ ላወጣው ሰው እንኳ አላዳላም።

ላ ፎሌት ከ1906 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሴናተር ነበር። በ1924 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ ቢያገኝም ያሸነፈው በዊስኮንሲን ብቻ ነው። በሰኔ ወር 1925 ዐረፈ።

ክርክሩ ግን ለልጅና ለልጅ ልጅ ተረፈ። ልጁና ስመ ሞክሼው ሮበርት የአባቱን ወንበር ወርሶ ከቈየ በኋላ በ1946 በሪፑብሊካን ቅድመ ምርጫ በጆሴፍ ማካርቲ ተሸነፈ፤ የድምፁም ልዩነት ከ5,000 ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነበር። ለሽንፈቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ፣ ቀድሞ ይደግፉት የነበሩ ብዙ ሠራተኞች በዚያ ዓመት በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ መሳተፋቸው ነው። የልጅ ልጁ ብሮንሰን ደግሞ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳለ ለሕጉ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ግዛቱ ክፍት ቅድመ ምርጫ ለማካሄድ ቢችልም፣ የዴሞክራት ፓርቲ ብሔራዊ ጉባኤ በውጤቱ እንዲገደድ ለማድረግ እንደማይችል ፈረደ።

በአገራችን በ1957 የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲካሄድ ዕጩዎች የቀረቡት ያለ ፓርቲ ስለ ነበረ ይህ ጥያቄ አልተነሣም። እናንተ ግን ሁለቱን ወገኖች መዝኑ። በሩ ቢዘጋ ጥቂት ሰዎች ለብዙኃኑ ይወስናሉ፤ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት ደግሞ ለማኅበሩ የማያስብ ሰው ገብቶ ደካማውን ዕጩ ሆን ብሎ ሊመርጥ ይችላል። የትኛው ጉዳት ይከፋል? መልሳችሁን ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።