እጁን መጨበጥ የተፈራው ታዳጊ፦ ሪያን ዋይት

ኮኮሞ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የምትገኝ፣ ዙሪያዋን የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ የከበባት፣ ብዙ ነዋሪዎቿም በመኪና መለዋወጫ ፋብሪካዎች እየሠሩ የሚተዳደሩባት ከተማ ናት። ሪያን ዋይት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1971 በዚህች ከተማ ተወለደ። በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሄሞፊሊያ የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ይህ ሕመም ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ሌላ ልጅ ወድቆ ተነሥቶ የሚረሳው ጉዳት በሄሞፊሊያ ለተያዘ ልጅ ለሕይወት የሚያሰጋ ይሆናል።

ሐኪሞች ደሙ እንዲረጋ የሚያግዝ መድኃኒት በየጊዜው በደም ሥሩ ይሰጡት ነበር። መድኃኒቱ የሚዘጋጀው ከብዙ ሺህ ለጋሾች የተሰበሰበ የደም ፈሳሽ በአንድነት ተቀላቅሎ ነው። በመካከላቸው የአንዱ ሰው ደም እንኳ በቫይረሱ የተበከለ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ያበላሸዋል። የተለገሰን ደም ለኤች አይ ቪ መመርመር የተጀመረው በ1985 ሲሆን ለሪያን ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ1984 መገባደጃ ሳንባው በጽኑ ታምሞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ኤድስ እንደያዘው ታወቀ። ዕድሜው ገና 13 ነበር፤ ሐኪሞቹም ከስድስት ወር በላይ ይኖራል ብለው አልገመቱም።

ሪያን ግን የተባለለትን ጊዜ አልፎ ቆየ። ትንሽ ሲሻለው ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ ጠየቀ፤ ትምህርት ቤቱም በ1985 አልቀበልም አለው። የግዛቲቱ የጤና ኃላፊ ዶክተር ዉድሮ ማየርስ ልጁ ለክፍል ጓደኞቹ ስጋት እንደማይሆን ለትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች አስረድተው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። 117 ወላጆችና 50 መምህራን እንዳይገባ የሚጠይቅ ፊርማ አሰባሰቡ። ሪያንም ቤቱ ተቀምጦ የክፍሉን ትምህርት በስልክ ይከታተል ጀመር።

ጋዜጣ እየዞረ ያድል የነበረው ይህ ልጅ፣ ቫይረሱ በወረቀቱ ይተላለፋል ብለው የፈሩ ደንበኞቹ ጋዜጣውን መቀበል አቆሙ። በቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ሲለዋወጡ እጁን የሚጨብጠው ጠፋ። በፌብሩዋሪ 1986 ለአንድ ቀን ወደ ክፍል ሲመለስ ከ360 ተማሪዎች 151ዱ ከትምህርት ገበታቸው ቀሩ። ክርክሩ በፍርድ ቤት ቀጥሎ በኤፕሪል ዳግመኛ ገባ። እናቱ ወይዘሮ ጂን ዋይት የወላጆቹን ፍርሃት ለማብረድ ሲሉ ልጃቸው ለብቻው በተለየ መጸዳጃ ቤት እንዲጠቀም፣ ምሳውን አንድ ጊዜ አገልግሎ በሚጣል ሹካና ማንኪያ እንዲበላ፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜም እንዲቀር ተስማሙ። እነዚህ ጥንቃቄዎች አንዳቸውም በሕክምና ዘንድ መሠረት አልነበራቸውም። ለሰላም ተብሎ የተደረገው ስምምነት የተፈለገውን ሰላም አላመጣም፤ እንዲያውም ማንኪያው ከተለየ እውነትም አደጋ አለ ማለት ነው ለሚሉት ማስረጃ ሆናቸው።

በዚያው በፌብሩዋሪ 1986 በኒውዮርክ ብሮንክስ የተካሄደ ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር። ሐኪሞቹ ከ39 ሕሙማን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ፣ ነገር ግን የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሌላቸውን 101 የቤተሰብ አባላት መረመሩ። ከሕሙማኑ ጋር ሳህንና ብርጭቆ፣ ፎጣና አልጋ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት የተጋሩ፣ ተቃቅፈው የተሳሳሙም ነበሩባቸው። ቫይረሱ የተገኘው በአንዲት ሕፃን ደም ብቻ ሲሆን እርሷም ከእናቷ በወሊድ ጊዜ እንደተያዘች ተገመተ።

ምክንያቱ ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው በደም፣ በወንድ ዘር ፈሳሽ፣ በብልትና በፊንጢጣ ፈሳሾች እንዲሁም በእናት ጡት ወተት ነው። ላብና እንባ አያስተላልፉትም፤ በምራቅ ውስጥ ያለው መጠንም ለማስተላለፍ የሚበቃ አይደለም። ቫይረሱ ያልቆሰለ ቆዳን አልፎ አይገባም፤ ከሰውነት ውጪም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ መጨባበጥ፣ መተቃቀፍ፣ ገላ ለገላ መነካካት፣ ጉንጭ መሳም፣ አብሮ መተኛት አያስይዝም። በእኛ ሀገር ደግሞ ከአንድ መሶብ መብላትና መጎራረስ እንደዚሁ ነው። ከንፈር ለከንፈር በጥልቀት መሳሳም እንኳ አደጋ የሚኖረው የሁለቱም ድድ ወይም አፍ ቆስሎ ደም ሲገናኝ ነው፤ ይህም እጅግ ብርቅ የሆነ አጋጣሚ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ልቅ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጋራ የሚጠቀሙበት መርፌና ስለት፣ ሕክምና ባልጀመረች እናት ደግሞ እርግዝና፣ ወሊድና ማጥባት ነው። ዛሬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ለጓደኛው አያስተላልፍም።

ይህ ዕውቀት በአብዛኛው በሪያን ዘመንም ነበረ፤ ወደ ኮኮሞ ቤቶች ግን አልዘለቀም። በቤተሰቡ ሳሎን መስኮት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ዋይቶች በ1987 በዚያው ግዛት ወደምትገኘው ሲሴሮ ወደተባለች ትንሽ ከተማ ተሻገሩ። ሲሴሮም የገበሬ አገር ናት፤ ሰዎቿ ከኮኮሞ ሰዎች የተለየ ልብ ነበራቸው ማለት ያስቸግራል። የተለየው የትምህርት ቤቱ ዝግጅት ነበር። ሪያን ከመምጣቱ አስቀድሞ ተማሪዎቹ ስለ በሽታው መተላለፊያ መንገዶች ተማሩ፤ የተማሩትንም ለወላጆቻቸው አስረዱ። በኦገስት 31 ቀን 1987 ሪያን በአዲሱ ትምህርት ቤት በር ሲደርስ ርእሰ መምህሩና ተማሪዎች እጁን ጨብጠው ተቀበሉት።

በ1988 በሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ለተቋቋመው የኤድስ ኮሚሽን ያሳለፈውን መከራና በሲሴሮ ያገኘውን አቀባበል እያነጻጸረ መሰከረ። ሙዚቀኛው ኤልተን ጆን የቅርብ ወዳጁ ሆኖ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከአልጋው አልተለየም። ሪያን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሊመረቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1990 በኢንዲያናፖሊስ አረፈ። ዕድሜው 18 ነበር። የበሽታውን መልክ የቀየረው የተቀናጀ መድኃኒት የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ከ1,500 በላይ ሰዎች ተገኙ። በዚያው ዓመት ኦገስት 18 ቀን በስሙ የተሰየመው ሕግ ጸደቀ፤ በዚህ ሕግ የተመደበው ገንዘብ አቅም ለሌላቸው ሕሙማን ሕክምና እስካሁን ይውላል። የመኝታ ክፍሉ ከነዕቃው በኢንዲያናፖሊስ የሕፃናት ሙዚየም እንደገና ተሠርቶ ተማሪዎች እየገቡ ይጎበኙታል።