ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ

ሰር ኤድዋርድ ኢቫን ኢቫንስ-ፕሪቻርድ (መስከረም 11 ቀን 1895 – መስከረም 1 ቀን 1966 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 21 ቀን 1902 – ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973) እንግሊዛዊ የአንትሮፖሎጂ (የሥነ ሰብእ) ምሁር ነበሩ። በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ስለ አዛንዴና ኑዌር ሕዝቦች፣ እንዲሁም በቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ጠረፍ ስለሚኖረው የአኝዋክ ሕዝብ ባደረጓቸው ጥናቶች ይታወቃሉ። ከ1946 እስከ 1970 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ፕሮፌሰር ሆነው ብዙ ተመራማሪዎችን አሠልጥነዋል። ዛሬ በአንትሮፖሎጂ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው የሚሄድበት መንገድ፣ ማለትም ከሌላ የትምህርት ዘርፍ መምጣት፣ ቋንቋ መማር፣ ከሕዝቡ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ መኖርና ከዚያ በኋላ መጻፍ፣ በእርሳቸው ትውልድ የተደላደለ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ጊዜና ትምህርት

ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ አውራጃ፣ ክሮውቦሮ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በዊንቸስተር ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤክሰተር ኮሌጅ ገብተው በ1924 በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ።

በኦክስፎርድ ሳሉ የአንትሮፖሎጂ መጻሕፍትን ማንበብ ጀመሩ። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ታላላቅ ጸሐፊዎች፣ ለምሳሌ ኤድዋርድ ታይለርና ጄምስ ፍሬዘር፣ ስለ ሩቅ ሕዝቦች የጻፉት በአብዛኛው ተጓዦችና ሚሲዮናውያን ከላኩት መረጃ ተነሥተው ነበር። ወጣቱ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ግን ሄዶ ማየት ፈለጉ። ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ወደ ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በዚያም ቻርልስ ሴሊግማንና ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ያስተምሩ ነበር። ማሊኖቭስኪ በፓስፊክ ውቅያኖስ በሚገኙት በትሮብሪያንድ ደሴቶች በሕዝቡ መካከል ለረጅም ጊዜ በመኖራቸው ስማቸው የገነነ መምህር ነበሩ።

በጊዜው ወደ አንትሮፖሎጂ ድኅረ ምረቃ ለመግባት በዚያው ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ግድ አልነበረም። መምህራኑ ራሳቸው ከሌላ ዘርፍ የመጡ ነበሩ፤ ሴሊግማን ሐኪም ሲሆኑ ማሊኖቭስኪ ደግሞ በትውልድ አገራቸው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ፍልስፍና ተምረዋል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድም የታሪክ ዲግሪ ይዘው ገቡ። ከበሩ በኋላ የሚጠብቃቸው ፈተና ግን ቀላል አልነበረም። የዶክትሬት ጽሑፋቸው ከቤተ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከመስክ ጥናት መገኘት ነበረበት።

በአዛንዴ አገር

ሴሊግማን ከባለቤታቸው ጋር በሱዳን ጥናት ጀምረው ነበር፤ ጤናቸው ስለታወከ ሥራውን ለተማሪያቸው አስተላለፉ። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1926 ወደ ደቡብ ሱዳን ተጓዙ፤ በ1927ም ስለ አዛንዴ ማኅበራዊ አደረጃጀት በጻፉት ጽሑፍ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። እስከ 1930 ድረስ በተደጋጋሚ እየተመለሱ በአዛንዴ መካከል በድምሩ ወደ 20 ወር ያህል ኖረዋል።

የዚህ ሥራ ዋና ፍሬ በ1937 የታተመው ስለ አዛንዴ ጥንቆላና አስማት የሚናገረው መጽሐፍ ነው። አዛንዴዎች አንዳንድ ሰዎች ሌላውን የሚጎዳ ኃይል በሰውነታቸው ይዘው ይወለዳሉ፣ ባለቤቱም ሳያውቀው ሊጎዳ ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ በኢትዮጵያ ስለ ቡዳ ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ እምነት ነው። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እምነቱን እንደ ተራ ስሕተት አልቆጠሩትም። የታወቀው ምሳሌያቸው የጎተራው ነው። ሰዎች ከፀሐይ ተጠልለው ከሥሩ በተቀመጡበት ጎተራ ይወድቅባቸዋል። አዛንዴዎች ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው በሚገባ ያውቃሉ። የእነርሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጎተራው ለምን በእነዚህ ሰዎች ላይ፣ በዚች ሰዓት ወደቀ? ምስጡ አወዳደቁን ያስረዳል፤ ጥንቆላው ደግሞ የሁለቱን ነገሮች መገጣጠም ያስረዳል። በዚህ መንገድ የአንድ ሕዝብ አስተሳሰብ ከውስጡ ሲታይ የራሱ ሥርዓት እንዳለው አሳዩ።

በኑዌር አገር

በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ቀጥሎ ኑዌርን እንዲያጠኑ ጠየቃቸው። ጊዜው መጥፎ ነበር። አስተዳደሩ ከ1927 ጀምሮ በኑዌር ላይ በአውሮፕላን ጭምር ዘምቶ ነበር፤ ጉዌክ ንጉንደንግ የተባለውም የኑዌር ነቢይ በ1929 ተገድሏል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1930 ሲደርሱ ሕዝቡ እንደ ጠላት ወገን አያቸው። የሚያስተረጉምላቸውም ሰው ሆነ መዝገበ ቃላት አልነበራቸውም። ከሕዝቡ ጋር መላመድ በጀመሩበት ሰሞን ደግሞ የመንግሥት ጦር ማለዳ የከብት ሰፈሩን ከቦ ሰዎችን በመያዣነት ወሰደ። በዚህ ምክንያት አገሩን ለቀው ሄዱ፤ በኋላ ሌላ ጊዜ ተመለሱ። እስከ 1936 ድረስ በልዩ ልዩ ጉዞ በኑዌር መካከል የቆዩት በድምሩ አንድ ዓመት ያህል ነው።

በ1940 የታተመው ስለ ኑዌር የጻፉት መጽሐፍ የሚመልሰው ጥያቄ፣ ንጉሥም ዳኛም ፖሊስም የሌለው ሕዝብ እንዴት ሳይበታተን ይኖራል የሚል ነው። መልሳቸው በዘር ሐረግ ላይ ያተኮረ ነበር። ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች ቢጣሉም ሌላ ቤተሰብ ሲነሣባቸው አንድ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ቤተሰቦችም በሌላ ጎሣ ላይ አብረው ይቆማሉ። ኃይል በኃይል እየተመዘነ ሰላም ይጠበቃል። ደም የፈሰሰ እንደሆነም የነብር ቆዳ የሚለብሰው ሽማግሌ በከብት ካሣ ያስታርቃል።

ከኢትዮጵያና ከኢሉባቦር ጋር የነበራቸው ግንኙነት

በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በ1902 በተደረገው ውል ወሰኑ ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ወንዞች ተከትሎ ሲሰመር የአኝዋክና የኑዌር አገር ለሁለት ተከፈለ። በዚሁ ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር፣ በጋምቤላ፣ የንግድ ጣቢያ አቋቋሙ። የጎሬና የአካባቢዋ ቡና በጭነት ከብት ቁልቁል ጋምቤላ ይወርድና ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ጎሬ፣ ኋላ መቱ እስክትተካት ድረስ፣ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች።

ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1935 ሌቨርሁልም ከተባለው የእንግሊዝ የምርምር ድርጅት የሁለት ዓመት ድጋፍ አገኙ። ድጋፉ የተሰጣቸው በኢትዮጵያ የጥንቱን እምነት የሚከተለውን ኦሮሞ በጥልቀት እንዲያጠኑ ነበር። ገንዘቡም ዕውቀቱም ተሟልቶ ሳለ የመግቢያው ፈቃድ በዲፕሎማሲ ጣጣ ዘገየ። ፈቃዱን እየጠበቁ በሱዳንና በኢትዮጵያ ጠረፍ ሁለት ወር ተኩል ቆይተው የምሥራቁን አኝዋክ አጠኑ። በመጨረሻ ኢትዮጵያ ሲገቡ የኢጣሊያ ወረራ ደርሶ ስለነበር የኦሮሞውን ጥናት ትተው ለመውጣት ተገደዱ። ወደ ኑዌር አገር ተመልሰውም ለሰባት ሳምንት ያህል የቀድሞውን ጥናታቸውን አጠናከሩ።

በጠረፍ ላይ የተሠራው የአኝዋክ ጥናት በ1940 በመጽሐፍ ወጣ። በአንዳንድ መንደሮች በአለቆች፣ በሌሎች ደግሞ በመሳፍንት የሚመራውን የአኝዋክ አስተዳደር ይገልጻል። መሳፍንቱ ለንግሥና ምልክት ስለሆኑት ጥንታዊ ዶቃዎች እንዴት እንደሚፎካከሩ፣ የመንደር ሰዎችም በአለቃቸው ያልተደሰቱ እንደሆነ ተነሥተው እንዴት እንደሚያወርዱት ይተርካል።

ጦርነት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ወደ ሱዳን ሄደው በእንግሊዝ ሥር ከነበረው የሱዳን ጦር ጋር ተሰለፉ። ቋንቋቸውንና አገራቸውን የሚያውቁ በመሆናቸው ጥቂት የአኝዋክ ተዋጊዎችን አስከትለው በ1940 እና 1941 በአኮቦና በጊላ ወንዞች አካባቢ ከኢጣሊያ የጠረፍ ጦር ጋር ተዋጉ። የጊላ ወንዝ የሚገኘው በኢትዮጵያ ግዛት፣ በዛሬው ጋምቤላ ክልል ውስጥ ነው። ተዋጊዎቹ የያዙት ጥቂት አሮጌ ጠመንጃ ነበር። በዚያው ዓመት ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር ከጋምቤላ ሽቅብ ወጥቶ ሐምሌ ላይ በሳዮ (ደምቢ ዶሎ) የኢጣሊያኑን ጄኔራል ጋዜራን እጅ አሰጠ።

የጦርነቱን ታሪክ ራሳቸው በ1973 በአንድ የጦር መጽሔት ላይ አሳተሙ። አንድ ተመራማሪ ያጠናውን ሕዝብ መሣሪያ አስይዞ ማዝመቱ ለኋለኞቹ ምሁራን አከራካሪ ጉዳይ ሆኗል። ከአኝዋክ አገር በኋላ በሶርያና በሊቢያ አገልግለዋል፤ ስለ ሊቢያ የሰኑሲ ንቅናቄ የጻፉት መጽሐፍም በ1949 ታትሟል። በ1944 የካቶሊክ እምነት ተቀበሉ።

በኦክስፎርድ

በ1945 በካምብሪጅ አስተማሩ፤ በ1946 የራድክሊፍ-ብራውንን የፕሮፌሰርነት ወንበር ተረክበው ወደ ኦክስፎርድ ተመለሱ። ክፍሉ ወዲያው ከዓለም ዙሪያ ተማሪዎች የሚመጡበት ሆነ። የመጡትም እንደ ራሳቸው ከሌላ ዘርፍ ነበር። ጎድፍሬይ ሊንሃርት በካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምረው ገቡ፤ ኋላ የዲንካንና የአኝዋክን ሕዝብ አጠኑ። ሜሪ ዳግላስ ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ ተምረው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሠርተው ነበር የመጡት። ሕንዳዊው ኤም. ኤን. ስሪኒቫስም ዶክትሬታቸውን ከዚያ አገኙ።

ከሌላ ዘርፍ የመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የዲፕሎማ ትምህርት ይወስድ ነበር፤ ከዚያ የቢ.ሊት. ጽሑፍ ይጽፋል፤ ለዶክትሬት ደግሞ የሚያጠናውን ሕዝብ ቋንቋ ተምሮ ወደ መስክ ይሄዳል።

ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1950 ባደረጉት ንግግር አንትሮፖሎጂ ከተፈጥሮ ሳይንስ ይልቅ ለታሪክ እንደሚቀርብ ተከራከሩ። በ1956 የኑዌርን ሃይማኖት የሚመለከተውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1939 ያገቧቸው ባለቤታቸው አዮማ በ1959 ሞቱ፤ አምስት ልጆች ነበሯቸው። በ1970 ጡረታ ወጡ፤ በ1971 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በኢትዮጵያ ዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1966 ዓ.ም. በኦክስፎርድ አረፉ።

ትችትና ቅርስ

ከብርቱ ተቺዎቻቸው አንዳንዶቹ በኦክስፎርድ የተማሩ ናቸው። ኡጋንዳዊው ባለቅኔ ኦኮት ፕቢቴክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ተምረው ስለ ሕዝባቸው የቃል ግጥም የቢ.ሊት. ጽሑፍ ጻፉ። የአቾሊ ቋንቋቸው ከአኝዋክ ጋር ዝምድና አለው። በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ምዕራባውያን ምሁራን አፍሪካውያንን ኋላ ቀር እያሉ የሚጠሩበትን ልማድ አጥብቀው ነቀፉ። ታላል አሰድ ደግሞ በ1973 ባዘጋጁት መጽሐፍ የአንትሮፖሎጂና የቅኝ አገዛዝ ግንኙነት እንዲመረመር ጠየቁ። ስለ ኑዌር የተጻፈው መጽሐፍም ጦርነቱንና አስተዳደሩን ከትንተናው ውጭ በማድረጉ፣ ሕዝቡን ታሪክ እንደሌለው አስመስሏል ተብሎ ተተችቷል።

በ1935 ተጀምሮ የቀረው ጥናት ሌሎች ሰዎችን ጠበቀ። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሶን ስለ መጫ ኦሮሞ በ1967 ጽሑፍ አሳተሙ። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በሞቱበት ዓመት፣ በ1973፣ አስመሮም ለገሠ ስለ ቦረና የገዳ ሥርዓት የጻፉት ታዋቂ መጽሐፍ ወጣ። ለእርሱም መነሻ የሆነው በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያደረጉት ጥናት ነበር። በጋምቤላ የአኝዋክንና የኑዌርን ግንኙነት ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ ደግሞ ዶክትሬታቸውን በጀርመን፣ በሐለ፣ ሠርተው በ2011 መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። እርሳቸው ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ከቆሙበት ተነሥተው፣ መሬት፣ ድንበርና መንግሥት በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ያመጡትን ለውጥ አሳይተዋል።

ዛሬ በኢትዮጵያ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። አመልካቹ ለሁለተኛ ዲግሪ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ለዶክትሬት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪና የምርምር ፕሮፖዛል ይጠየቃል፤ በቅርብ ዓመታትም ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተጨምሯል። ተማሪው ለመስክ ሥራ ሲወጣ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይሄዳል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ዲግሪውም ድጋፉም ተሟልቶላቸው በ1935 ጠረፍ ላይ እንደቆሙ ሁሉ፣ ዛሬም መንገድ የተዘጋበትና ጸጥታ የታወከበት ተማሪ ርዕሱን ወይም ቦታውን ለመቀየር ይገደዳል። በመቱ ወይም በጎሬ ተወልዶ የሚያጠና ሰው ግን እርሳቸው ያልነበራቸው አንድ ነገር አለው፤ ቋንቋውን ሲጀምር ያውቀዋል።