ፀጋዬ ገብረ መድኅንና የወንዙ ኃይል



ስለ ወንዝ፣ ስለ ተራራ ወይም ስለ ነፋስ የተጻፈ ግጥም ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን የቃሉን ማማር ብቻ አይተን ገጹን እንገለብጣለን። ባለቅኔው ከወንዙ ጋር ለምን እንደሚነጋገር አንጠይቅም። አንዳንዶቻችን ደግሞ፣ ግዑዝ ፍጥረትን እንደ ሰው ማናገር ከባዕድ አምልኮ ይቆጠር ይሆን ብለን እንጠራጠራለን። ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን ለመፈለግ ግን ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የጎረቤታችን የአምቦ ልጅ የሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሕይወት መንገዱን ያሳየናል።

ፀጋዬ በነሐሴ ወር 1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ በምትገኘው በቦዳ ተወለዱ። ጊዜው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ወራት የሆነው የመከራ ዘመን ነበር። አባታቸው ኦሮሞ፣ እናታቸው አማራ ስለ ነበሩ በሁለት ወገን ወግና ቋንቋ መካከል አደጉ። እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ከብት ጠብቀዋል፤ የግዕዝንም ቋንቋ ተምረዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ልብ እንበላቸው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወንዝን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በበጋ ከብቱን የሚያጠጣው ያው ውኃ ክረምት ሲገባ ጥጃውን ሊወስድበት እንደሚችል ያውቃል። ግዕዝና ቅኔም ቃል ከላይ ሰም፣ ከውስጥ ወርቅ እንዳለው ያስተምራሉ።

ገና በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፉት ተውኔት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየ። ከዚያም በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ተማሩ። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ሕግ አጠኑ፤ በለንደንና በፓሪስም የቴአትር ጥበብን ቀሰሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውን ቤት ለዓመታት መሩ። የሼክስፒርን ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ መለሱ፤ የከርሞ ሰውንና ሀ ሁ በስድስት ወርን የመሳሰሉ ተውኔቶችን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት ብዙም አይርቅም ነበር። እሳት ወይ አበባ የተባለው የግጥም መጽሐፋቸው በ1966 ዓ.ም. ታተመ። መንግሥታት ሲለዋወጡም ሥራዎቻቸው ከሳንሱር እጅ አላመለጡም።

ከግጥሞቻቸው መካከል ስለ ፍጥረት ኃይል ለመማር የሚበጀን ዓባይ የተባለው ነው። በዚህ ግጥም ባለቅኔው ወንዙን ፊት ለፊት ያናግሩታል። ዓባይ ለእርሳቸው የሚፈስ ውኃ ብቻ ሳይሆን የጥንት ጥበብ ምንጭና የሥልጣኔ እናት ነው። ግብፅም አቴንስም ከእርሱ ጠብተው እንዳደጉ አድርገው ይሥሉታል። በእንግሊዝኛ በጻፉት የዓባይ ግጥም ደግሞ ወንዙ ራሱ እንደ እናት ሆኖ ይናገራል።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ በአውሮፓም ነበረ። ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የተነሡት ሮማንቲክ የተባሉት ባለቅኔዎች ፍጥረት ከሰው ልብ ጋር እንደሚነጋገር አድርገው ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1818 ሼሊ፣ ኪትስና ሌይ ሀንት የተባሉ ሦስት እንግሊዛውያን ስለ ዓባይ ግጥም ለመጻፍ ተወዳደሩ። ሦስቱም ወንዙን አላዩትም። ሆኖም ሼሊ በኢትዮጵያ ሸለቆዎች የሚወርደውን ዝናብ አነሣ፤ ጎርፉ ፍሬንም መርዝንም እንደሚያበቅል ሁሉ እውቀትም ለሰው እንዲሁ እንደሆነ አስጠነቀቀ። እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። ሼሊ ጎርፉ ወደሚደርስበት ወደ ግብፅ ተመለከተ፤ ፀጋዬ ግን ጎርፉ በሚነሣበት አገር ተወለዱ። ለአንዱ ወንዙ የሩቅ ምሳሌ ነው፤ ለሌላው ዘመድ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ወንዝን ማናገር ማምለክ ነውን? መዝሙረ ዳዊትን የሚያነብ ወጣት ወንዞች ሲያጨበጭቡ፣ ተራሮችም ሲደሰቱ ያገኛል። ዳዊት ወንዝን አላመለከም፤ ፍጥረት ሁሉ የፈጣሪውን ሥራ እንደሚመሰክር አሳየ እንጂ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 የኢትዮጵያን ምድር እንደሚከብ የተነገረውን ግዮንንም አበው ዓባይ ነው ብለው ተርጉመውልናል። ስለዚህ የተፈጥሮ ግጥም ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ባለቅኔው በእውነት ያየው ነገር ምንድን ነው? ያንን እንደ ማን አድርጎ አናገረው? ከሰሙ ሥር ያለው ወርቅስ ምንድን ነው? በፀጋዬ ግጥም የሚታየው ወንዙ ነው፤ የሚናገሩት እንደ ወላጅ አድርገው ነው፤ ወርቁም የተናቀ ሕዝብ የቀድሞ ክብሩን እንዲያስታውስ የቀረበ ጥሪ ነው። አምልኮን በዚያ አናገኝም።

ይህ ነገር ለእኛ ለእጃጂ ወጣቶች የሩቅ ወሬ አይደለም። የምዕራብ ሸዋ ደጋ ውኃ ሦስት መንገድ ይይዛል፤ ጉደር ወደ ዓባይ፣ አዋሽ ወደ አፋር በረሃ፣ ግቤም ወደ ኦሞ ይሄዳል። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ ከመቶ 85 ያህሉ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ነው። ይሁን እንጂ ወንዙ ውኃ ብቻ ይዞ አይሄድም። እርከን ካልተሠራበትና ዛፍ ከተመነጠረበት ማሳ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። የወንዙን ኃይል በግጥም አድንቆ የአባቱን እርሻ ለጎርፍ የሚተው ወጣት ግጥሙ ገብቶታል ማለት ያስቸግራል።

ፀጋዬ በኩላሊት ሕመም ምክንያት የመጨረሻ ዓመታቸውን በአሜሪካ ሲታከሙ ቆይተው በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዐረፉ። አስከሬናቸውም ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መዝሙር ግጥም የእርሳቸው ነው፤ ድርጅቱን የተካው የአፍሪካ ኅብረትም ወርሶታል። ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ቦዳ ውስጥ ከብት የጠበቀ ልጅ ቃሉ አህጉርን ካዳረሰ፣ እኛም ብዕራችንን አንናቅ። ወደ አምቦ ስንሄድ የጉደርን ድልድይ ዝም ብለን አንሻገር፤ ቆም ብለን ውኃው ከየት እንደመጣና ምን ይዞ እንደሚሄድ እንጠይቅ።