ሐዲስ ዓለማየሁ፤ ሹምን ማን ይሽረዋል?

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፥ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ቅኔውን በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተማሩ፤ ዘመናዊውን ትምህርት በአዲስ አበባ ቀጠሉ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው በ1929 ዓ.ም. ተማረኩና ሰባት ዓመት ያህል በኢጣልያ ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ አምባሳደር፥ ሚኒስትርና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ።

ይህን ሁሉ ማዕረግ የሰጣቸው መራጭ ሕዝብ አልነበረም፤ ሿሚውም ሻሪውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እኒህ ሹም ግን በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ቅኔ የተማሩባትን ዲማን የፊታውራሪ መሸሻ መቀመጫ አድርገው፥ ሹምን በባላገሩ ዐይን አሳዩን። ባላገሩ ከልማድ ውጭ የተጠየቀውን እምቢ አለ፤ ፊታውራሪ ጦር አስከትተው ዘመቱበት፤ ነገር ግን ራሳቸው ተማረኩ። ባላገሩ ጠመንጃ ያነሣው ሹሙን የሚሽርበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው።

ሁለት ዓመት ቈይቶ ልብ ወለዱ በእውን ታየ። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የጎጃም ገበሬ ተነሣ፤ ዲማ የምትገኝበት ቢቸናም አንዱ የዐመፁ ማዕከል ነበረ። ሕዝቡ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ እንዲነሡለት ጠየቀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ከአየርም ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ ግን ገዥውን አነሣ። በድምፅ ሊፈጸም የሚገባው በደም ተፈጸመ።

ክቡር ሐዲስ በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዐይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቅ መጽሐፍ አወጡ። ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ቢያቀርብላቸውም አልተቀበሉም። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሹም በየወሩ የሚነሣ ከሆነ ሥራ አይጸናም፥ ለሕዝብ የሚበጀውንም መራራ ውሳኔ የሚደፍር አይገኝም የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የፊርማው ብዛትና የጊዜው ገደብ በሕግ ይወሰን እንላለን። ዳሩ ግን የምርጫው ዘመን እስኪያልቅ ዝም በል የተባለ ሕዝብ ከዲማ ባላገር በምን ይሻላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በዐንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ደንግጓል። መብቱ ተጽፏል፤ ነገር ግን ከመካከላችን አካሄዱን የሚያውቅ ስንት ነው? ልምምዱን ከቅርብ እንጀምር፦ የማኅበራችንን ደንብ አንሥተን፥ የመረጥነውን ሰው በምን ሥርዓት እንደምናወርደው እንመልከት።