አባባ ተስፋዬና የአንድ ምሰሶ ቤት

የአንድ ሕንፃ ሸክም በብዙ ምሰሶዎች ላይ መከፋፈል እንዳለበት ለመሐንዲስ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ይሁን እንጂ የሥራ ተቋሞቻችን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ ቆመው ይኖራሉ። በሀገራችን የቴሌቪዥን ታሪክ ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው፣ በሕፃናት ዘንድ አባባ ተስፋዬ ተብለው የታወቁት የአቶ ተስፋዬ ሣህሉ ሕይወት ነው።

አቶ ተስፋዬ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። የልጅነት ዘመናቸው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ የታወከ ነበር። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ሥራ ጀመሩ። ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን ወክለው ይጫወቱ ነበር። ወደ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሠራዊት ለማዝናናት ባሕር ተሻግረዋል። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ከቀደምት ተዋንያኑ አንዱ አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶምሰን በተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ረዳትነት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቁርና ነጭ ሥርጭቱን ጀመረ። የመሣሪያው ነገር በውጭ ባለሙያዎች እርዳታ ተቃለለ፤ በካሜራው ፊት ቆሞ ሕፃናትን በራሳቸው ቋንቋና ተረት የሚያነጋግር ሰው ግን በግዢ የሚመጣ አልነበረም። አቶ ተስፋዬ የልጆችን ክፍለ ጊዜ የያዙት ያን ጊዜ ነው። ሕፃናቱን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ሰላምታ ያቀርባሉ፤ ተረት ይነግራሉ፤ ምክር ይለግሳሉ፤ ወደ ስቱዲዮ የመጡትንም ልጆች በተራ ያናግራሉ።

ሥርጭቱ ከአዲስ አበባ ውጭ እየሰፋ በሄደ ቁጥር፣ እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞችም ቴሌቪዥን ያለው ቤት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ መሰብሰቢያ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ምስሉ ቀለም አገኘ። ዘውዳዊው መንግሥት ወርዶ ደርግ መጣ፤ ደርግም ወርዶ ኢሕአዴግ ተተካ። ዝግጅቱ በ1998 ዓ.ም. እስከሚያበቃ ድረስ ግን ለ42 ዓመታት ያህል ልጆቹን የሚቀበሏቸው እኒያው አባባ ተስፋዬ ነበሩ።

እዚህ ላይ የአሜሪካንን ልምድ ማነጻጸር ይጠቅማል። ኤንቢሲ የተባለው ድርጅት ቱዴይ የተሰኘውን የጧት ዝግጅቱን በ1944 ዓ.ም. ጥር ወር ሲጀምር፣ የመጀመሪያው አቅራቢ ዴቭ ጋሮዌይ ነበር። ተመልካች ለመሳብ ቺምፓንዚ ሳይቀር አጠገቡ እስከማስቀመጥ ተደርሷል። ጋሮዌይ በ1953 ዓ.ም. ሲለቅ ወንበሩ ለሌላ ተላለፈ፤ ከዚያም ለሌላ። ዝግጅቱ አቅራቢዎቹን እየቀያየረ ከ70 ዓመት በላይ ዘልቋል። በእኛ ሀገር ግን አንዱ ሰው ዝግጅቱም ጭምር ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ የልጆች ዝግጅቶች አልጠፉም፤ ነገር ግን አጠገባቸው ተቀምጦ ሙያቸውን እየቀሰመ ያደገ፣ ወንበራቸውን በሥርዓት የተረከበ አልጋ ወራሽ አልታየም።

ይህ ለእርሳቸው ነቀፋ አይሆንም። አንድ ምሰሶ ይህን ያህል ዘመን ሸክም መቻሉ የምሰሶውን ጥንካሬ እንጂ ድክመቱን አያመለክትም፤ ጥያቄው የሚቀርበው ሕንፃውን ለነደፈው ነው። አቶ ተስፋዬማ በበኩላቸው ተረቶቻቸውን በመጻሕፍት አሳትመው ለትውልድ አቆይተዋል።

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ በልጅነታቸው ያዳመጧቸው ሽማግሌዎችና የልጅ ልጆቻቸው በአንድነት አዘኑ። እኛ መሐንዲሶችም በየመሥሪያ ቤታችን ማሽኑን፣ ግድቡን ወይም መስመሩን ብቻውን የሚያውቅ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አናጣም። ጡረታ በሚወጣበት ቀን ሽልማትና ካባ ከማዘጋጀታችን አስቀድመን፣ ዛሬውኑ ሁለት ወጣቶች አጠገቡ ልናስቀምጥ ይገባናል።