ዳንኤል በርኑሊ፦ ከሕክምና ወደ ፈሳሽ ፍሰት ስሌት

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ላይ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም አለው። በግድቡ በሮችና በተርባይኖቹ በኩል በሰከንድ የሚያልፈውን ውኃ ለማስላት የምንነሣበት መርሕ ግን ግንባታው ከመጀመሩ ከ270 ዓመታት በፊት የታተመ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዳንኤል በርኑሊን ሕይወት በመቃኘት፣ ሥራው በቫልቭ የሚያልፍን ፈሳሽ ለማስላት የሚሰጠውን ጥቅምና ወሰኑን ያሳያል።

ትውልድና ትምህርት

በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1700 በኔዘርላንድስ፣ ግሮኒንገን ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በቤተሰቡ ከተማ በስዊዘርላንድ ባዝል ነው። አባቱ ዮሐንና አጎቱ ያኮብ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቃውንት ነበሩ። ዮሐን በወጣትነቱ ነጋዴ እንዲሆን ሲገፋ እምቢ ያለ ሰው ቢሆንም፣ በተራው ልጁን ወደ ንግድ ገፋው፤ ይህ ባይሳካለት ሕክምና እንዲማር አደረገው። ዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1721 ስለ አተነፋፈስ ባቀረበው ድርሳን በሕክምና የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። የደም ዝውውርን በሒሳብ ዓይን መመልከቱም የፈሳሽን ባሕርይ ወደ መመርመር አቀረበው።

ግኝቱና ውዝግቡ

እ.ኤ.አ. በ1725 ከወንድሙ ከኒኮላውስ ጋር ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ አቀና፤ ወንድሙ ግን በዓመቱ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1727 የአባቱ ተማሪ የነበረው ሊዮናርድ ኦይለር መጥቶ የሥራ ባልደረባው ሆነ። በርኑሊ የመጽሐፉን ረቂቅ ያዘጋጀው በዚህ ዘመን ነው። ፈሳሽ ጠባብ ቦታ ሲደርስ ፍጥነቱ እንደሚጨምር፣ በአንጻሩ ግፊቱ እንደሚቀንስ አሳየ፤ ግፊቱንም በቱቦው ግድግዳ ላይ በተተከለ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ በሚወጣበት ከፍታ ለካ።

እ.ኤ.አ. በ1733 ወደ ባዝል ተመለሰ። በተከታዩ ዓመት የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አንድ ሽልማት ለአባትና ለልጅ እኩል በመስጠቱ፣ ዮሐን ከልጁ ጋር መስተካከሉን መታገሥ ተሳነው፤ ከቤቱም አስወጣው። ዳንኤል ሃይድሮዳይናሚካ የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1738 አሳተመ። አባቱ ከዓመታት በኋላ በተመሳሳይ ርእሰ ጉዳይ ላይ ያሳተመው ሥራ ግን በ1732 የተጻፈ ተብሎ ቀረበ። ልጁ የድካሙን ፍሬ እንደ ተነጠቀ ተሰማው፤ ቅሬታውንም ለኦይለር በደብዳቤ ገለጸ። ዛሬ በመርሑ ላይ የጸናው ስም የልጁ ነው፤ ቀመሩን አሁን በምንጠቀምበት መልክ ያስቀመጠው ደግሞ ኦይለር ነው።

መርሑ በቫልቭ ላይ

በከፊል የተዘጋ ቫልቭ በቱቦ መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። በመርሑ መሠረት የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን ከቫልቩ በፊትና በኋላ ካለው የግፊት ልዩነት ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። በ1 ባር ልዩነት በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ውኃ የሚያሳልፍ ቫልቭ፣ በ4 ባር የሚያሳልፈው 40 ሳይሆን 20 ሜትር ኩብ ነው።

ሆኖም መርሑ ሰበቃን ከቁጥር አያስገባም። 100 ሜትር ከፍታ ካለው ውኃ ሥር በተከፈተ ቀዳዳ የሚወጣው ውኃ ፍጥነት በስሌት በሰከንድ 44 ሜትር ያህል ነው፤ በተግባር ግን ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቫልቭ የማሳለፍ አቅም በሙከራ መለካት አለበት። በጠባቡ ቦታ ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲወርድም ውኃው አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን ይበላዋል፤ የግፊቱ ልዩነት ቢጨምርም ፍሰቱ አይጨምርም። ቀመሩን ብቻ አምኖ የሚያሰላ መሐንዲስ የፍሰቱን መጠን አጋንኖ ይገምታል፣ ቫልቩንም ያጠፋል።

ማጠቃለያ

በርኑሊ በባዝል ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ሥነ አካልና ዕፀዋትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1750 ጀምሮ ደግሞ ፊዚክስን አስተምሮ እ.ኤ.አ. በ1782 ዐረፈ። ስሌትን በልኬት የማረጋገጥ ልማዱ ከቀመሩ ባልተናነሰ ለእኛ ዘመን መሐንዲስ የሚጠቅም ውርስ ነው።