ዣክ ኢቭ ኩስቶ

ዣክ ኢቭ ኩስቶ (ሰኔ 4 ቀን 1902 ዓ.ም. - ሰኔ 18 ቀን 1989 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 11 ቀን 1910 - ጁን 25 ቀን 1997) ፈረንሳዊ የባህር ኃይል መኮንን፣ ጠላቂ፣ ፊልም ሠሪና የባህር አሳሽ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር በ1943 በሠራው አኳላንግ በተባለው የመጥለቂያ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ጠላቂው ከመርከብ በሚወርድ የአየር ቱቦ ሳይታሰር፣ አየሩን በጀርባው አዝሎ በነፃነት እንዲዋኝ አስችሏል። ዛሬ አንድ ጀማሪ የሚገዛው ወይም የሚከራየው የስኩባ ዕቃ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። ኩስቶና ጓደኞቹ መሣሪያውን የሞከሩት በራሳቸው ላይ ስለነበረ፣ የባህሩን ጠባይ የተማሩት ሕይወታቸውን ለአደጋ እያጋለጡ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሌሎች ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ኩስቶ የተወለደው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በቦርዶ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ሳን አንድሬ ደ ኩብዛክ ነው። አባቱ ዳንኤል የሕግ ባለሙያ ነበር። ልጁ በሽተኛ ቢሆንም ዋና ይወድ ነበር። ቤተሰቡ ለተወሰነ ጊዜ በአሜሪካ ሲኖር በቬርሞንት ግዛት በሚገኝ የልጆች የበጋ ካምፕ ውስጥ ሐይቅ ውስጥ መጥለቅን ተለማመደ። በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ገንዘብ አጠራቅሞ የፊልም ካሜራ ገዛ። እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች፣ ውሃና ካሜራ፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አብረውት ቆይተዋል።

በ1930 በብሬስት ከተማ ወደሚገኘው የባህር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ዓላማው የባህር ኃይል አብራሪ መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በ1936 ክፉኛ የመኪና አደጋ ደርሶበት ክንዶቹ ተሰበሩ፤ የአብራሪነት ተስፋውም በዚያው ተቋረጠ።

ወደ ባህር መግባት

ከአደጋው በኋላ ኩስቶ በሜዲትራኒያን ዳርቻ በምትገኘው ቱሎን ተመደበ። የሥራ ባልደረባው ፊሊፕ ታይዬ ለክንዶቹ ጥንካሬ ዋና እንዲዋኝ አበረታታው፤ የውሃ መነጽርም ሰጠው። ኩስቶ በመነጽሩ የባህሩን ወለል ሲያይ የሕይወቱ አቅጣጫ ተለወጠ። ብዙም ሳይቆይ የዓሣ አዳኙ ፍሬዴሪክ ዱማ ተቀላቀላቸው፤ ሦስቱ ጓደኛሞች ለብዙ ዓመታት አብረው ጠለቁ። ኩስቶ በ1937 ሲሞን ሜልሺዮርን አግብቶ ዣን ሚሼልና ፊሊፕ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ።

በዚያ ዘመን ጠላቂዎች ያላቸው ምርጫ ውስን ነበር። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ይሠራበት የነበረው ከባድ የብረት ራስ ቁር አየር የሚያገኘው ከመርከብ ላይ በፓምፕ ነው፤ ጠላቂው በባህር ወለል ላይ ከመራመድ በቀር መዋኘት አይችልም። በ1860ዎቹ ቤኑዋ ሩኬሮልና ኦገስት ደኔሩዝ የተባሉ ፈረንሳዮች ጠላቂው በሳበ ቁጥር ብቻ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ሠርተው ነበር። ሆኖም የዘመኑ የብረት ዕቃ በቂ የታመቀ አየር መያዝ አይችልም ነበር። ኢቭ ለ ፕሪየር የሠራው ሌላ መሣሪያ ደግሞ ሲሊንደር ቢኖረውም አየሩ ሳይቋረጥ ስለሚፈስ ቶሎ ያልቃል።

ኩስቶ በ1939 ገደማ ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጥ መሣሪያ ሞከረ። ንጹሕ ኦክስጅን በግፊት ሲተነፈስ ነርቭን ይመርዛል። ከ20 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ሁለት ጊዜ ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ራሱን ሊስት ደረሰ፤ የተረፈውም ክብደቱን ጥሎ ወደ ላይ በመውጣቱ ነው። ከዚያ በኋላ ኦክስጅንን ትቶ ወደ ተራ የታመቀ አየር ተመለሰ።

አኳላንግ

የችግሩ ቁልፍ ግፊት ነው። በባህር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። ስለዚህ በ10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ገጽ ሁለት እጥፍ፣ በ20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ ነው። ጠላቂው የሚተነፍሰው አየር በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር እኩል ግፊት ከሌለው ደረቱ ተጨፍልቆ መሳብ ያቅተዋል። የሚያስፈልገው እንግዲህ ሳይነኩት የሚሠራ፣ ጥልቀቱ ሲለዋወጥ ግፊቱን አብሮ የሚለውጥ፣ በተሳበ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ነበር።

ኩስቶ ይህን ቫልቭ ያገኘው በታህሣሥ 1942 በጀርመኖች በተያዘችው ፓሪስ ነው። የሚስቱ አባት ኤር ሊኪድ በተባለው የጋዝ ኩባንያ ኃላፊ ስለነበረ፣ በዚያ ከሚሠራው ኤሚል ጋኛን ጋር ተገናኘ። በጦርነቱ ምክንያት ቤንዚን ጠፍቶ መኪናዎች ከእንጨትና ከከሰል በሚወጣ ጋዝ ይነዱ ነበር፤ ጋኛን የዚያን ጋዝ መጠን የሚቆጣጠር ትንሽ ቫልቭ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ይህን ቫልቭ ለጠላቂ እንዲሆን አሻሻሉት።

የመጀመሪያው ሙከራ በ1943 መጀመሪያ ላይ በፓሪስ አጠገብ በማርን ወንዝ ተደረገ። ኩስቶ በውሃው ውስጥ ተጋድሞ ሲዋኝ መሣሪያው በሚገባ ሠራ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ በከንቱ እየፈሰሰ ወጣ፤ ራሱን ወደ ታች ሲያደርግ ደግሞ መሳብ አስቸገረው። ምክንያቱ የተነፈሰው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከቫልቩ ርቆ በመቀመጡ፣ ጠላቂው ሲገለበጥ ሁለቱ በተለያየ ጥልቀት ላይ መዋላቸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ መውጫውን ከቫልቩ አጠገብ አመጡት። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኩስቶ በሜዲትራኒያን ዳርቻ በባንዶል አቅራቢያ ከተሻሻለው መሣሪያ ጋር ጠለቀ። ሲሞን ከላይ እየዋኘች ትከታተለው ነበር። ኩስቶ ተገለባበጠ፣ ተንጋለለ፣ ራሱን ቁልቁል አድርጎ ቆመ፤ አየሩ በማንኛውም አቀማመጥ አልተቋረጠም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ኤር ሊኪድ መሣሪያውን ለገበያ የሚያቀርብ ላ ስፒሮቴክኒክ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። በዚህም መጥለቅ ከባህር ኃይልና ከባለሙያዎች እጅ ወጥቶ ተራው ሰውም የሚሞክረው ነገር ሆነ።

የሙከራ ዓመታትና አደጋዎች

በ1945 ኩስቶና ታይዬ በቱሎን የባህር ኃይሉን የጠላቂዎች ምርምር ቡድን መሠረቱ። ቡድኑ በጦርነቱ የቀሩ ፈንጂዎችን ከማምከን ጎን ለጎን የጥልቀትን ወሰን ይፈትን ነበር።

በነሐሴ 1946 ኩስቶና ዱማ በአቪኞን አቅራቢያ ፎንቴን ደ ቮክሉዝ በተባለው የምንጭ ዋሻ ውስጥ ጠለቁ። ጥቂት እንደወረዱ ሁለቱም እንደ ሰከረ ሰው ሆኑ፤ ዱማ ሊሰጥም ደረሰ። ከላይ ገመዱን ይዞ የነበረው ሞሪስ ፋርግ ሁኔታው ስላላማረው እንዲጎተቱ አድርጎ ነፍሳቸውን አተረፈ። በኋላ ሲመረመር ጥፋቱ የዋሻው ሳይሆን የአየሩ ሆኖ ተገኘ። ሲሊንደሮቹን የሞላው ኮምፕረሰር ከራሱ ሞተር የሚወጣውን ጭስ ይስብ ስለነበር አየሩ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዞ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ የከፋ ነው። ተራ አየር ከ30 ሜትር ገደማ በታች ሲተነፈስ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን አእምሮን ያፈዝዛል፤ ጠላቂዎቹ ይህን የጥልቀት ስካር ይሉት ነበር። በመስከረም 1947 ያው ሞሪስ ፋርግ ክብረ ወሰን ለመስበር ወደ 120 ሜትር ገደማ ወረደ። ምልክት መስጠቱን ሲያቆም ጓደኞቹ ጎትተው አወጡት፤ የአየር መሳቢያው ከአፉ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለብዙ ሰዓታት ሊያነቁት ቢሞክሩም አልተነሣም። ከአንድ ዓመት በፊት ኩስቶን ከሞት ያዳነው ሰው በአኳላንግ ሲጠልቅ የሞተ የመጀመሪያው የቡድኑ አባል ሆነ።

ከአኳላንግ እስከ ዛሬው የጀማሪ ዕቃ

የዛሬው የስኩባ ዕቃ ከ1943ቱ የሚለየው በመሠረታዊ ሐሳቡ ሳይሆን በተጨመሩለት ጥበቃዎች ነው።

መነጽር፦ ኩስቶ በ1936 ያደረገው መነጽር ዓይንን ብቻ ይሸፍን ነበር። እንዲህ ያለው መነጽር በጥልቀት ውስጥ ዓይን ላይ ይጣበቃል፤ በውስጡ ያለውን አየር ማስተካከያ መንገድ የለውም። ስለዚህ የመዋኛ ገንዳ መነጽር ለመጥለቅ አያገለግልም፤ የጠላቂ ማስክ አፍንጫንም መሸፈን አለበት። ማስክ ሲመረጥ ማሰሪያው ሳይታሰር ፊት ላይ ተደርጎ በአፍንጫ በቀስታ ይሳባል፤ ሳይያዝ ከቆመ ልኩ ነው፣ ከወደቀ ውሃ ያስገባል።

ሬጉሌተር፦ የመጀመሪያው አኳላንግ ቫልቭ በጀርባ ላይ ሆኖ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ወደ አፍ ይመጡ ነበር። አሁን አንድ ቀጭን ቱቦ ብቻ ወደ አፍ ይመጣል፤ በተጨማሪም ጓደኛ አየር ቢያልቅበት የሚውል ሁለተኛ መተንፈሻ አብሮ ይታሰራል። ሬጉሌተር በየጊዜው በባለሙያ መታደስ ስላለበት፣ ያገለገለ ሲገዛ የእድሳቱ ወጪ አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

የግፊት መለኪያ፦ የቀድሞዎቹ ጠላቂዎች አየራቸው ማለቁን የሚያውቁት መሳብ ሲከብዳቸው ነበር። ዛሬ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር የሚያሳይ መለኪያ የግድ ነው። ጥልቀትንና ጊዜን የሚቆጥር የእጅ ኮምፒዩተርም የተለመደ ሆኗል።

ጃኬትና ልብስ፦ የኩስቶ ቡድን በወገብ ላይ በሚታሰር እርሳስ ብቻ ክብደቱን ያስተካክል ነበር። አሁን አየር የሚሞላና የሚለቀቅ ጃኬት ጠላቂው በፈለገው ጥልቀት ላይ እንዲንሳፈፍ ይረዳዋል። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በብዙ እጥፍ ፍጥነት ስለሚወስድ በ1950ዎቹ የመጣው የኒዮፕሪን ልብስም ትልቅ ለውጥ ነበር።

ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዙት በአካል ልክ መሆን ያለባቸውን ማስክንና የእግር መቅዘፊያን ነው፤ ውድ የሆኑትን ሬጉሌተር፣ ጃኬትና ሲሊንደር ሥልጠና እስኪጨርሱ ይከራያሉ። ሲሊንደሩ ከማን እንደሚሞላ ማወቅ ከዋጋው አይተናነስም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ዕቃው ጥሩ ቢሆንም ሥልጠናን አይተካም። ለምሳሌ ጠላቂ ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሹን መያዝ የለበትም፤ ግፊቱ ሲቀንስ በሳንባ ውስጥ ያለው አየር ተስፋፍቶ ሳንባን ሊቀድ ይችላል።

ካሊፕሶና ዝና

በ1950 ኩስቶ ካሊፕሶ የተባለችውን መርከብ አገኘ። ካሊፕሶ የቀድሞ ፈንጂ ጠራጊ ስትሆን፣ ብሪታንያዊው ባለሀብት ሎኤል ጊነስ ገዝቶ በዓመት በአንድ ፍራንክ አከራየው። የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ ወደ ቀይ ባህር ነበር። ከዱማ ጋር የጻፈው ዝምተኛው ዓለም የተባለው መጽሐፍ በ1953 ታተመ። በተመሳሳይ ስም ከሉዊ ማል ጋር የሠራው ፊልም በ1956 በካን የፓልም ዶር ሽልማትን፣ ቀጥሎም ኦስካርን አገኘ። ከ1957 እስከ 1988 የሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ዳይሬክተር ነበር።

በ1963 በሱዳን ጠረፍ በቀይ ባህር ውስጥ፣ ሻዓብ ሩሚ በተባለ የኮራል ክምር አጠገብ፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት ተሠርቶ ጠላቂዎች ለአንድ ወር ኖሩበት። የዚህ ሙከራ ፊልምም ኦስካር ተሸልሟል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቀረበው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ቀይ የሱፍ ኮፍያውን በዓለም ዙሪያ አሳወቀ።

ትችትና የአካባቢ ጥበቃ

ኩስቶ መጀመሪያ የባህር ጠባቂ አልነበረም። በ1956ቱ ፊልም ቡድኑ ዓሣዎችን ለመቁጠር ድማሚት ሲያፈነዳና ሻርኮችን ሲገድል ይታያል፤ ይህ ትዕይንት በኋላ ብዙ ተተችቷል። በ1954 ደግሞ ካሊፕሶ በአቡ ዳቢ ጠረፍ ነዳጅ ለማፈላለግ ሠርታለች። ሆኖም ቀድሞ የጠለቀባቸው ቦታዎች ሲራቆቱ በማየቱ አቋሙ ተለወጠ። በ1960 የኑክሌር ቆሻሻ በሜዲትራኒያን እንዳይጣል ተቃወመ፤ በ1973 የኩስቶ ማኅበርን መሠረተ፤ ከ1990 ገደማ ጀምሮም አንታርክቲካ ከማዕድን ቁፋሮ እንድትጠበቅ ዘመቻ አካሄደ።

የመጨረሻ ዓመታት

በጁን 1979 የሥራው ወራሽ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ የነበረው ልጁ ፊሊፕ በሊዝበን አጠገብ በባህር አውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1988 ኩስቶ የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። ሲሞን በ1990 ከሞተች በኋላ ፍራንሲን ትሪፕሌን አገባ። በ1996 ካሊፕሶ በሲንጋፖር ወደብ በሌላ ጀልባ ተገጭታ ሰጠመች፤ ከባህር ብትወጣም በእሱ ዕድሜ ዳግም አልተጓዘችም።

ኩስቶ በ87 ዓመቱ በፓሪስ አርፎ በትውልድ ከተማው ሳን አንድሬ ደ ኩብዛክ ተቀበረ።